አምስቱ የሎርና ክሬዲቶች

ይህን ጽሑፍ ልተወው ምንም ያህል አልቀረኝም ነበር። ስለ ክሬዲት መጻፍ ያለበት ክሬዲት የገባው ሰው ነው ብዬ አምናለሁ፤ እኔ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተብራርቶልኝ፣ ብዙ ጊዜም ገብቶኛል ብዬ ራሴን ነቅንቄ፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከዚህም በላይ ባለታሪኳ ራሷ እንደምታነበውና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሳትደርስ ስሕተት እንደምታገኝብኝ አልጠራጠርም። ደጋግሜ ጀምሬ ደጋግሜ ቀደድሁት። በመጨረሻ ግን እንዲህ ያለ ሰው አይቶ ዝም ማለት ከመሳሳት የባሰ ጥፋት መስሎ ስለታየኝ፣ እነሆ ጻፍሁት።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በተሠራበት አገር ሁሉ ሳይጀምር የጨረሰ አንድ ሰው አይጠፋም። ይህ ሰው ዩኒቨርሲቲን በሩቁ እንኳ ሳያይ የመጀመሪያውን ዓመት ያገባደደ፣ የትምህርት ክፍሉን ሳይመርጥ የምረቃውን ቀን የቆረጠ፣ እኛ ገና የዛሬን ምሳ ስናኝክ የከነገ ወዲያን ቁርስ በልቶ አፉን የጠረገ ነው። መድረስን እንጂ መንገድን አያውቅም። ታውቁታላችሁ፤ በየትምህርት ቤታችሁ ነበረ፤ ሳትጠይቁትም መክሯችኋል። በዊስኮንሲን፣ በሐይቅ ዳሯ ብላክ ኤልም፣ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን ያለ ተቀናቃኝ ይዛ የቆየችው ክብርት ወይዘሪት ሎርና ስቴፋንስኪ ነበረች።

የሥልጣኗ ምንጭ ኤፒ የምንላቸው ኮርሶች ነበሩ። ነገሩ ከላይ ሲያዩት ቀላል ነው። ገና ሁለተኛ ደረጃ ሳለን ከዩኒቨርሲቲ ትምህርት ጋር የሚስተካከል ኮርስ እንወስዳለን፤ ግንቦት ላይ ለፈተና እንቀመጣለን፤ ከአምስት ሦስትና ከዚያ በላይ ላመጣ፣ ዩኒቨርሲቲያችን ኮርሱን ተምሮ እንዳለፈ ቆጥሮ ክሬዲቱን ያዛውርለታል። እስከዚህ ድረስ እኔም ተከትያለሁ። ከዚህ ወዲያ ያለው ጉም ነው፤ በጉሙ ውስጥ ሳትደናቀፍ የምትመላለሰው ደግሞ ሎርና ብቻ ነበረች። ላም በሞላበት ምድር ተወልዳ «ላም አለኝ በሰማይ» የሚለው ተረት የማይመለከታት ሰው እሷ ነች፤ የእሷ ላሞች እዚያው ሰማይ ላይ እንዳሉ ይታለባሉ።

ሰላምታዋም መሰነባበቻዋም አንድ ቃል ነበር፦ «ይቆጠራል?»

የታሪክ መምህራችን ስለ አንድ ጦርነት እንባ እየተናነቃቸው ሲተርኩ እጇን ታወጣና «ይቆጠራል?» ትላለች፤ ፈተና ላይ ይመጣል ወይ ማለቷ ነው። ፓስተሩ ለገና መዘምራን አጥተው በለመኗት ጊዜ «ይቆጠራል?» አለቻቸው። ዌንደል ክሩገር የሚባል፣ ትከሻው በር የሚያህል የክፍላችን ልጅ፣ ብርዱን ወራት በሙሉ ድፍረት ሲያጠራቅም ከርሞ ለዓመቱ መዝጊያ ጭፈራ አብራው እንድትሄድ ጠየቃት። ቀና ብላ አየችውና «ይቆጠራል?» አለችው። ዌንደል ጥያቄው ስላልገባው «ይመስለኛል» ብሎ መለሰ። አብረው ሄዱ። በማግሥቱ እንዴት ነበር ብዬ ብጠይቃት፣ «አልተቆጠረም» አለችኝ። እናቷ ወይዘሮ ዶሪን «ይህቺ ልጅ በዚህ ከቀጠለች ጡረታ ወጥታ ነው የምትመረቅ» ይሉ ነበር።

ጽሕፈት ቤቷ በቤተ መጻሕፍቱ ማሞቂያ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ነበር። እኔ እዚያ የምቀመጠው ለሙቀቱ ነው፤ ባለጉዳዮች ግን ጸሐፊዋ አድርገው ይቆጥሩኝና «ኤልዊን፣ አለች እንዴ?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር። አንድ ቀን ከእኛ አንድ ክፍል ዝቅ የምትል ፍራን የምትባል ልጅ መጥታ ፊቷ ቆመች።

«ጂኦግራፊ ልውሰድ ወይስ ሳይኮሎጂ?»

«ምን መሆን ነው የምትፈልጊው?»

«ነርስ።»

«ሳይኮሎጂ ውሰጂ። ጂኦግራፊውም ይቆጠርልሻል፤ ግን የትም አይገባልሽም።»

«ካልገባ እንዴት ተቆጠረ?»

«ቁጥር ይኖርሻል፤ ቦታ አይኖርሽም።»

በሰው ወሬ መሐል መግባት አልወድም፤ ይህ ግን አላስችል አለኝ። «ታዲያ ክሬዲቱ የት ይሄዳል?» አልሁ።

«የትም አይሄድም። ትራንስክሪፕቷ ላይ ቁጭ ይላል።»

«ቁጭ ብሎ ምን ይሠራል?»

«አንተስ እዚህ ቁጭ ብለህ ምን ትሠራለህ?»

ፍራን ሳይኮሎጂ ተመዘገበች። እኔ ግን ቁጥር ኖሮት ቦታ ስለሌለው ነገር ሳስብ ሰነበትሁ፤ ነገሩ እኔን ለመንካት የተባለ ይሆን እንዴ የሚል ጥርጣሬም አድሮብኝ ነበር።

የዘውዷ ፈርጥ ሊሆን የታሰበው ካልኩለስ ነው። ሌላው ኮርስ ሦስት ክሬዲት ሲያስገኝ ካልኩለስ አምስት ያስገኛል፤ ስለዚህ ሎርና ስለ ሌሎቹ ስታወራ ድምጿን ከፍ፣ ስለ እነዚህ አምስቱ ስታወራ ግን ዝቅ ታደርግ ነበር። ብርዱን ወራት አብረን አጠናን። አጠናን ማለቴ፣ እኔ ነገሩ ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ለማወቅ ስዳክር፣ እሷ ነጥብ የት የት እንደተቀበረ ታስተምረኝ ነበር ለማለት ነው።

«ስማኝ። አሃዱን ጻፍ፣ ሜትር ከሆነ ሜትር በል፤ አንድ ነጥብ። ‹ፈንክሽኑ ያልተቋረጠ ስለሆነ› ብለህ ጀምር፤ ሌላ ነጥብ። መልሱን ባታውቀው እንኳ ባዶ አትተው፤ አራሚውም ሰው ነው፣ ያዝናል።»

«ግን ለምንድን ነው ያልተቋረጠ መሆን ያለበት?»

«ነጥብ ስላለው ነዋ!»

በመስኮቱ የሚታየውን ሐይቅ አሳየኋት። ኅዳር ላይ ጥርት ያለ ውሃ ነበር፤ አሁን በረዶ ሆኖ የአባቷ ፒክአፕ መሐሉ ላይ ቆሟል፣ እሳቸውም በረዶውን በቆፈሩት ቀዳዳ አጠገብ ተቀምጠው ዓሣ ያጠምዳሉ። «በረዶው ከባዶ ተነሥቶ ክንድ ከሞላ፣ መሐል ያለውን ውፍረት ሁሉ አልፎበታል ማለት ነው» አልኋት። «ጣት ያህል የሆነበት፣ ስንዝር የሆነበት ጊዜ አለ። ሊዘል አይችልም። ያልተቋረጠ ማለት ይሄ ነው።»

ሎርና ሐይቁን ትክ ብላ አየችው። «ይህን ሁሉ ብጽፍ ስንት ነጥብ ይሰጡኛል?»

«ምንም አይሰጡሽም መሰለኝ።»

«እሺ» አለችና ወደ ወረቀቷ ተመለሰች። እኔም እንደ ወትሮዬ አላስፈላጊ ነገር ስለተናገርሁ አፈርሁ።

የግንቦቱን ፈተና የተፈተንነው በሉተራን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነበር፤ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ወለል ቀለም እየተቀባ ነበርና። ከራሳችን በላይ ኦርጋን የሚጫወቱት እመቤት ለቅዳሜ ሠርግ ይለማመዱ ነበር፤ አንዱ ድምፅ ላይ ሲደርሱ ይስታሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ፣ እዚያው ላይ ይስታሉ። እጄ ተንቀጠቀጠ። የማውቀውን ሁሉ እንደማላውቀው አድርጌ ጻፍሁ፤ አሃዱንም ረሳሁ። ሎርና ተጨማሪ ወረቀት ጠየቀች።

ውጤት ሐምሌ ላይ መጣ። እሷ አምስት አመጣች፤ እኔ አራት። እዚህ ላይ ግራ እንዳትጋቡ፤ የእኔ መጋባት ይበቃል። የእሷ አምስት አምስት ክሬዲት ያሰጣል፤ የእኔ አራትም አምስት ክሬዲት ያሰጣል። ሁለታችንም አንድ ዩኒቨርሲቲ ስለተቀበለን ለአዲስ ተማሪዎች ገለጻ አብረን ሄድን፤ እኔም ሚስ ካልደኮት ከተባሉ አማካሪ ፊት ቀረብሁ።

«ሁለተኛውን ካልኩለስ በቀጥታ መውሰድ ትችላለህ» አሉኝ።

«የመጀመሪያውን ብደግመውስ? ለጥንቃቄ ያህል።»

«ከደገምኸው በፈተና ያገኘኸው ክሬዲት ይሰረዛል።»

«ስለዚህ አምስት አጥቼ አምስት አገኛለሁ።»

«አዎ።»

«መጨረሻ ላይ ስንት ይኖረኛል?»

«አምስት።»

«ባልደግመውስ?»

«አምስት።»

«ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ሚስ ካልደኮት መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «አንድ ሴሚስተር ነው፣ የኔ ልጅ።»

ይህን ለሎርና መንገሬ ስሕተት ነበር። የነገርኋት ዓርብ ዕለት፣ ብላክ ኤልም በሙሉ የተጠበሰ ዓሣ ሊበላ በሚሰበሰብበት ምግብ ቤት ነበርና፣ ከወንበሯ ብድግ ብላ ከተማውን ሁሉ ምስክር አደረገችብኝ።

«ልትደግመው? ከደገምኸው አላውቅህም! የራስህን አምስት ጥለህ የራስህኑ አምስት ልትለቅም? ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚያደርግ?»

«የፈራ ሰው» አልኋት።

«ፈሪ!» አለችና ከሳህኔ ድንች አነሣችብኝ። «ማል።»

«በምን ልማል?»

«በአምስቱ ማል!»

በአምስቱ ማልሁ። ከዚያም እሷ የመጀመሪያውን ዓመት ዘልላ በሦስት ዓመት እንደምትመረቅ ለሰማውም ላልሰማውም አወጀች። አባቷ ቢራቸውን አነሡ፤ አስተናጋጇ አጨበጨበች፤ እናቷ ብቻ «ቀስ በይ፣ አጥንት አለው» አሉ። ስለ ዓሣው ይሁን ስለ ሌላ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

መስከረም ላይ፣ ትምህርት ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው፣ መሐላዬን አፈረስሁ። ሁለተኛውን ካልኩለስ ጣልሁ፤ የመጀመሪያውን ያዝሁ። ሚስ ካልደኮት «የኮርስ መጨመሪያና መጣያው፣ አድ-ድሮፕ፣ እስኪዘጋ፣ እስከሚመጣው ሳምንት ዓርብ፣ ሐሳብህን ብትለውጥ አምስቱ ይመለሱልሃል፤ ከዚያ በኋላ ግን አይመለሱም» ብለው አስጠነቀቁኝ። ለሎርና አልነገርኋትም። እሷም የስንት ሰዓት ክፍል እንደደረሰኝ አልጠየቀችኝም። ሎርና ስለ ክሬዲት ሳትጠይቅ መዋሏ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር።

አዳራሹ ሰፊ ነው። ማንም እንዳያየኝ በመጨረሻው ረድፍ፣ ከምሰሶ ኋላ ተቀመጥሁ። ከፊቴ አንድ ሰው ጆሮ የሚሸፍን፣ ዓይን የሚያጠፋ ብርቱካናማ ቀለም ያለው የአዳኝ ባርኔጣ አድርጎ አንገቱን ቀብሯል። በእኛ አገር ይህን ባርኔጣ የማያውቅ የለም፤ ኅዳር ላይ አጋዘን ሊያድኑ ጫካ የሚገቡ ሰዎች እርስ በርስ እንዳይተኳኮሱ ከሩቅ እንዲታዩ የሚያደርጉት ነው። መስከረም ላይ፣ ያውም ክፍል ውስጥ፣ ያውም ሰው ላለመታየት ሲል ይህን ማድረጉ ገረመኝ። ባርኔጣው ዳር ላይ የተቃጠለች ትንሽ ቀዳዳ ነበረች። ያቺን ቀዳዳ አውቃታለሁ፤ አቶ ስቴፋንስኪ ሐይቁ ላይ ዓሣ ሲጠብሱ ነው ያቃጠሏት።

«ሎርና?» አልሁ በሹክሹክታ።

«ዞር በል። አላውቅህም።»

«ሁለተኛው ላይ ነኝ ብለሽ...»

«አንተስ? ምለህ አልነበር እንዴ?»

«ፈራሁ።»

ባርኔጣውን ወደ ጆሮዋ ጎተተች። «እኔ ለጉብኝት ነው የመጣሁት» አለች።

«የምን ጉብኝት?»

«የትምህርት ጥራት ግምገማ።»

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ እኔ እንዲህ ያለ ድፍረት አልፈጠረብኝም፤ ግን ከአፌ አምልጦኝ «ይቆጠራል?» አልኋት።

ብርቱካናማው ባርኔጣ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያስለቀስኋት መስሎኝ ደንግጬ ይቅርታ ልጠይቃት ስነሣ፣ ለካ እየሳቀች ነው። ሳቋ አላቆም ስላላት የፊቱ ረድፍ ሁሉ ዞሮ አየን፤ ከሩቅ እንዲታይ የተሠራው ባርኔጣም ሥራውን በሚገባ ሠራ።

ከትምህርቱ በኋላ በደረጃው ላይ ተቀምጠን፣ ሲያኝኩት ሲጥ ሲጥ የሚለውን የአገራችንን ትኩስ አይብ ከከረጢት እያወጣን በላን። እንደማውቃት ሎርና የተዘጋጀ ማብራሪያ ይኖራታል ብዬ ነበር።

«የኔ አምስት የለቀማ አምስት ነው፣ ኤልዊን» አለች። «ነጥቡ የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ነገሩ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። ትናንት የሁለተኛውን መጽሐፍ ገልጬ አየሁት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የማውቀው የገጹን ቁጥር ብቻ ነው።»

«አንቺ እኮ ተጨማሪ ወረቀት ጠይቀሻል።»

«አባቴ ምን እንደሚል ታውቃለህ? ያልጠነከረ በረዶ ላይ መኪና አይነዳም። እኔ በሐምሌ ሙቀት በረዶ ላይ ፒክአፕ ልነዳ ነበር።» አንድ ቁራሽ አይብ አኘከች። «ዛሬ ሰውየው ስለ ያልተቋረጠ ምናምን ሲያወራ ሰምተሃል? ‹ይህንን ኤልዊን ነግሮኛል› ብዬ አሰብኩ። ሐይቁን ያሳየኸኝ ጊዜ። ከመምህሩ አንተ ትሻላለህ። ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ፈተና ላይ እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«ይንቀጥቀጥ! እጅህ ነው እንጂ ጭንቅላትህ መቼ ተንቀጠቀጠ? አንተ ቀዳዳ ቆፍረህ አይተኸዋል፣ ስንት ክንድ እንደሆነ ታውቃለህ፤ አውቀህም ዳር ላይ ቆመህ ታለቅሳለህ። አይ ያንተ ነገር!»

«አንቺስ?»

«ስለ እኔ ማን ጠየቀህ?»

የሚቀጥለውን ሳምንት በሙሉ ስትነዘንዘኝ ሰነበተች። ምሳ ስበላ ከፊቴ ትቀመጥና «ዓርብ» ትለኛለች። የዶርሜ በር ላይ «ዓርብ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። እኔ ደግሞ አንድ ቀን ልውጣ እላለሁ፣ በማግሥቱ ልቆይ እላለሁ፤ ብወጣ አምስቱ ይመለሳሉ ግን እወድቃለሁ፣ ብቆይ አልወድቅም ግን አምስቱ ይጠፉና እነዚያው አምስቱ ይመጣሉ፤ ታዲያ የትኞቹ ናቸው የእኔ? ዓርብ ጠዋት ሎርና መጥታ እጅጌዬን ያዘችና እንደ እምቢተኛ ጊደር እየጎተተች ሬጅስትራር ወሰደችኝ። እዚያ ያሉት ሴትዮ መታወቂያዬን ተቀብለው ቁልፎቹን ነካ ነካ አደረጉ። «ተመልሰዋል፤ አምስት» አሉ። ከዚያ ወደ ሎርና ዞር ብለው «አንቺስ? ያንቺንም እንመልስ?» አሏት።

ሎርና ባርኔጣውን ከኪሷ አውጥታ ጭንቅላቷ ላይ አደረገች። «እኔ ሸኚ ነኝ» አለች።

ሰኞ ዕለት እስከ ሁለተኛው ካልኩለስ በር ድረስ ሸኘችኝ። ልገባ ስል «አሃዱን ጻፍ!» ብላ ጮኸችብኝና ወደ ራሷ ክፍል ሮጠች። አሁን በዚያ ክፍል ውስጥ ከሚባለው ግማሹ ይገባኛል፤ የቀረው ግማሽ የገባው ሰው ይኑር አይኑር ለማወቅ ዙሪያዬን አያለሁ፤ እስካሁን አላገኘሁም። እጄም ይንቀጠቀጣል። ይንቀጥቀጥ ብዬዋለሁ።

ሎርና ግን ከምሰሶው አጠገብ ተነሥታ ወደ መጀመሪያው ረድፍ ተዛውራለች። አብረዋት የሚማሩ ልጆች እንደነገሩኝ ከሆነ፣ እጇን እያወጣች መምህሩን «ለምን?» ትላቸዋለች። አንድ ቀን መምህሩ ሰዓታቸውን አይተው «ይህ እንኳ ፈተና ላይ አይመጣም» ቢሏት፣ «ግድ የለም» አለች አሉ። ወሬውን ማመን ስላቃተኝ ከክፍሌ ቀርቼ ሄጄ በበሩ ስንጥቅ አዳመጥሁ። እውነት ነው። እዚያው ኮሪደር ላይ ቆሜ፣ ስለ ራሴ ነገር ፈጽሞ ተሰምቶኝ የማያውቅ ደስታ ተሰማኝ።

አመሏን ግን አልተወችም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች። የምግብ አዳራሹ መስኮት አጠገብ አዲስ ጽሕፈት ቤት ከፍታ፣ የደነገጡ አዲስ ተማሪዎችን እየተቀበለች «እንዳትደግሚው!» እያለች ታስምላለች። ብላክ ኤልምም እስካሁን የመጀመሪያውን ዓመት እንደዘለለች ነው የሚያውቀው። ባለፈው ዓርብ ወይዘሮ ዶሪን ዓሣውን ወደ እኔ እየገፉ «ልጄ እንዴት ነች? ሁለተኛው አልከበዳትም?» ብለው ጠየቁኝ፤ እኔም አፌን በድንች ሞላሁ።

ስለዚህ ይህን ከማውጣቴ በፊት ሄጄ አስፈቀድኋት። እናቷ እንደሚያነቡት ነገርኋት። አባቷም፤ አስተናጋጇም፤ ዌንደል ክሩገርም።

«ጻፈው» አለችኝ። «ግን ቁጥሩን እንዳታሳስት።»

ቁጥሩ ይኸው። ታኅሣሥ ላይ ኮርሱን ስትጨርስ ሎርና ስቴፋንስኪ የምታገኘው አምስት ክሬዲት ነው፤ ሐምሌ ላይ የነበሯት እነዚያው አምስቱ።